ለኮክ ዛፍ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በእኛ ከተማ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ግቢውን ይጠርጋል። ሕግ ስለሆነ አይደለም። ሕግ የሚጥሱ ሰዎች ሞልተውናል፤ ግቢውን ሳይጠርግ የዋለ ሰው ግን በታሪካችን ስላልታየ፣ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም።

ከግቢ የሚጠረገው ነገር ሁሉ አንድ ስም አለው፤ ነውር ይባላል። የረገፈ ቅጠል ነውር ነው። የዶሮ ኩስ፣ የድንች ልጣጭ፣ የምድጃ አመድ፣ የፍየል በጠጥ፣ ነፋስ ያመጣው ገለባ፣ ሁሉም ነውር ነው። ጎረቤት ለጎረቤት «እንዴት አደርሽ» አይባባልም፤ «ነውርሽን አወጣሽ?» ነው የሚባለው። መልሱም «ተመስገን፣ ወጥቶልኛል» ነው። ከዚያ የነውር ጋሪ እየተንቋቋ ይመጣል፣ ከየበሩ ይሰበስባል፣ ከከተማው ውጭ ወዳለው ገደል ወስዶ ይደፋል። ገደሉ ዳር ሰው የሚያህል ግንብ ተሠርቷል። ነውሩ የሚደፋው ከግንቡ በላይ አሻግሮ ነው፤ ወደ ታች ማየት አልተለመደም።

ጠርገን ስንጨርስ በመጥረጊያው ጫፍ መሬቱ ላይ መስመር እናሰምራለን፤ ከበር እስከ ጓሮ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ከሌላው እኩል የራቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመስመር ተቆጣጣሪ እየዞረ ያያል። ጠማማ መስመር የተገኘበት ሰው በእድር ስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣል።

የከተማችን መሬት በዚህ ምክንያት በጣም ንጹሕ ነው። ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲረግጡት ድምፅ ይሰጣል። ዝናብ ሲጥል ውኃው አይሰርግም፤ በመስመሮቹ እየተንሸራተተ በአጥር ሥር ይወጣል። ይህም መሬቱ ጠግቦ የማይጠጣ መሆኑን ያሳያል ይባላል። መሬቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚጎድል በየትውልዱ ለቤት አንድ ደረጃ ይጨመራል። እኔ የተከራየሁበት ቤት መጀመሪያ ሲሠራ አንድ ደረጃ ነበረው፤ አሁን አምስት አለው። እኛ ግን መሬቱ ዝቅ አለ አንልም። ቤቶቻችን ከፍ አሉ እንላለን።

ዕፅዋቱ ግን ደህና አልነበሩም።

መሬቱ ንጹሕ ስለሆነ ጥፋቱ የመሬቱ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጥፋቱ የዕፅዋቱ ነው ተባለና የዕፅዋት ጠባይ ቢሮ ተቋቋመ። ቢሮው ሦስት ክፍሎች አሉት። የምርኩዝ ክፍል ለዘመመ ዛፍ ሁሉ ባላ እንጨት ያቆማል። የማጽናኛ ክፍል ውስጥ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሁለት ሴቶች አሉ፤ የጠወለገ ተክል ባለበት ግቢ ሄደው አጠገቡ ይቀመጡና «አይዞህ፣ ያልፋል» እያሉ ይውላሉ። ሦስተኛው የማስጠንቀቂያ ክፍል ነው። እኔ የምሠራው እዚያ ነበር።

ከወንዙ ማዶ ባለ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት ስለ አፈር ነው። ተመርቄ ስመለስ ዲፕሎማዬን ለማስጠንቀቂያ ክፍል ኃላፊ ለአቶ ልሳነወርቅ ሰጠሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አፈር?» አሉኝ።

«አዎ ጌታዬ።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«አዎ።»

መነጽራቸውን አውልቀው እንደታመመ ሰው አዩኝ። «ወላጆችሽ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«አይ ልጄ። ለማንም አትናገሪ፤ እኔም አልናገርም። የእጅ ጽሑፍሽ ግን ያምራል።»

በእጅ ጽሑፌ ምክንያት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ለዕፅዋት ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ ከዚያም ደብዳቤውን ወስጄ ተክሉ ፊት ቆሜ ማንበብ፣ አንብቤ ስጨርስ ግንዱ ላይ በክር ማሰር ነው። መጻፉ አይከብደኝም። በሰው ፊት ድምፄን ማሰማት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም፤ ለዛፍ የሚነበበውንም ቢሆን ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማዋል።

ለአንድ ተክል የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁለት ነው። ሦስተኛው ስንብት ይባላል። የተሰናበተ ተክል ይነቀላል፤ ቦታው ይጠረጋል። በግቢው ሌላ ሕይወት ያለው ተክል ከሌለ ቤቱ «ባዶ ቤት» ተብሎ ይታሸጋል፤ ነዋሪውም በከተማው ዳር ወዳለው የጋራ አዳራሽ ይዛወራል። አዳራሹ ውስጥ ምንጣፎች በመስመር ተነጥፈዋል። እኔ ሥራ ስጀምር ከመንገዳችን ዐሥራ አንድ ቤት ባዶ ተብሎ ነበር። በየቤቶቹ በር ላይ ያለው ማኅተም ጥሩ ሰም ስለሆነ በዝናብ አይለቅም።

ያከራየችኝ እትዬ ውድነሽ ናት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እዚያ ቤት ተወልዳ፣ እዚያ ቤት ተድራ፣ ባሏን ከዚያ ቤት አውጥታ ቀብራለች። በወጣትነቷ ግቢው ውስጥ ሎሚ፣ ጌሾ፣ ሮማንና ሁለት ጽጌረዳ ነበራት። ሁሉም በየተራ ተሰናብተዋል። የቀራት አንድ ኮክ ነው። እሱም ሥሮቹ ከመሬት ወጥተው ተራቁተዋል፣ ግንዱ ሙጫ ያነባል፣ ቅጠሉ በሐምሌ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። በሦስት ባላ ተደግፎ ቆሟል።

የአንደኛው ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሲያልፍ ሁለተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቅጂው አሁንም አለኝ፦

«ለ፦ ኮክ ዛፍ፣ የእትዬ ውድነሽ ግቢ። ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ቅጠል ስለማርገፍ። ቀደም ሲል በአንደኛ ማስጠንቀቂያ የተገለጸልዎ ቢሆንም ጠባይዎን ከማሻሻል ይልቅ ቅጠልዎን ማርገፍዎን ቀጥለዋል። በመሆኑም በስልሳ ቀን ውስጥ ካልለመለሙ ቢሮው የሚያሰናብትዎ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን። በድጋሚ በጥብቅ እናሳስባለን። ግልባጭ፦ ለምርኩዝ ክፍል፣ ለማጽናኛ ክፍል።»

አንብቤ ስጨርስ ጎረቤቶች ተበተኑ። እትዬ ውድነሽ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በዓይኗ ተከተለችኝ።

«ክሩን እንዳታጠብቂበት» አለችኝ። «ያለ እሱም አላስተነፈሳችሁትም።»

ክሩን አላላሁ።

«ትርሲት።»

«አቤት እትዬ።»

«አራት ዓመት ከወንዝ ማዶ ስትቀመጪ የተማርሽው ይህንን ነው? ለእንጨት ደብዳቤ ማንበብ?»

ወደ ክፍሌ ልገባ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ስሚ፣ አዳራሹን አይቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት የወሰዷትን ጎረቤቴን ልጠይቅ ሄጄ። ሌሊት ስትነሣ ግድግዳ እየዳበሰች የበሯን እጀታ ትፈልጋለች አሉኝ፤ የራሷን በር። እኔ እዚያ አንድ ወር አልቆይም። ታዲያ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ። ይህ ዛፍ ምን ሆኖ ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልነበረም። «ርቦት ነው» አልኳት።

«ምን ይበላል?»

በበሩ በኩል የነውር ጋሪው እያለፈ ነበር። በጣቴ አሳየኋት።

እትዬ ውድነሽ ጋሪውን አየችው፤ መልሳ እኔን አየችኝ። «ነውሩን?»

«አዎ።»

«ነውሩን ራሱን?»

«የራሱን ቅጠል። ከመበስበሱ በፊት አይሆንም፤ ሲበሰብስ ግን አፈር ይሆናል። እኛ በየቀኑ ምግቡን ከአፉ እየጠረግን ነው።» በሕይወቴ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«ስልሳ ዓመት ጠርጌበታለሁ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ አላሳለፍኩም።» ከዚያ መጥረጊያውን ከግድግዳው አንሥታ ከበሩ ጀርባ አቆመችው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

ለዛፉ የሚሆን የበሰበሰ ነገር ከተማው ውስጥ አይገኝም፤ ማንም ነገር እስኪበሰብስ ድረስ ቤቱ አይቆይም። የሚገኘው ገደሉ ውስጥ ብቻ ነው። የመጥረጊያ በዓል ቀን፣ የከተማው ሰው በሙሉ አዲስ መጥረጊያውን ይዞ አደባባይ ሲወጣ፣ እኔ ሁለት ጆንያ በሻንጣ ውስጥ አጥፌ ወደ ገደሉ ሄድኩ። ከግንቡ ጎን የፍየል መንገድ አለ። በእሱ ወረድኩ።

ታች ያየሁትን በሪፖርት መልክ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ዱባ ነበር፤ ሐረጉ እስከ ግንቡ ሥር ወጥቷል። ቲማቲም ማንም ሳይተክለው ተንዠርግጓል። ከመቶ ዓመት በላይ የተጣለ የኮክ ፍሬ ዘር ሁሉ በቅሎ ጫካ ሆኗል። ንብ ነበር። መሬቱ ስረግጠው ድምፅ አልሰጠም፤ እግሬን ተቀበለው። ጨብጬ አነሣሁት። ጥቁር ነበር፣ ተጨብጦ ኳስ ይሆናል፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። በዩኒቨርሲቲያችን መምህራችን እንደዚህ ያለ አፈር በመስታወት ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ ከሩቅ ብቻ ያሳየን ነበር።

ከላይ ከአደባባዩ የበዓሉ ንግግር በድምፅ ማጉያ ይሰማኛል። «መሬታችን ምንም አይጎድላትም!» ይል ነበር። ሁለቱን ጆንያ ሞልቼ በየተራ ጎትቼ አወጣሁ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ከግንዱ ርቀን፣ ቅርንጫፎቹ እስከሚደርሱበት ድረስ፣ ቅርፊት የሆነውን መሬት በሹል ብረት ቀስ እያልን ወጋነው። አልገለበጥነውም፤ ሥሩ ላይ ላዩን ስለሆነ ይቆረጣል። ከዚያ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረግን አጠጣን። የመጀመሪያው ባልዲ በሙሉ ፈስሶ ሄደ። የሁለተኛው ግማሹ ቀረ። ሦስተኛው ሲሰርግ መሬቱ ትንሽ ተንጫጫ፤ እትዬ ውድነሽ «ሰማሽው?» አለችኝ። ጥቁሩን አፈር በላዩ በተንን፤ የወጡትን ሥሮች ሸፈንን፤ ግንዱን ግን አላስነካንም፣ እርጥብ ነገር ከነካው ልጡ ይበሰብሳል። በዚያ ላይ የራሱን ቢጫ ቅጠልና ገለባ ደለደልን።

የቀረው ቅዳሜ የሚመጣው የመስመር ተቆጣጣሪ ነበር። ገለባውን በአሮጌ ጆንያ ሸፈንነው፤ በጆንያው ላይ ነጩን የግቢ አቧራ ስስ አድርገን ነሰነስን። መስመሩን ያሰመረችው እትዬ ውድነሽ ናት። በመጥረጊያ ብታሰምረው ጆንያው ስለሚንቀሳቀስ በአራት ጣቷ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከበር እስከ ጓሮ አሰመረችው። በዕድሜዋ ካሰመረችው ሁሉ ቀጥ ያለ ነበር።

ቅዳሜ ተቆጣጣሪው አቶ ዘርጋው መጣ። በር ላይ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ።

«እማማ፣ ዛፉ ሥር ያለው መሬት ከፍ አላለም?»

«እኔ አጥሬ ነው ልጄ። እርጅና ነው።»

አቶ ዘርጋው ቁመቷን ከላይ እስከ ታች አየና በመዝገቡ ላይ «የግቢው ባለቤት አጥራለች፤ መስመሩ ግን መልካም ነው» ብሎ ጻፈ።

አምስት ሳምንት ምንም አልሆነም። እትዬ ውድነሽ በየጠዋቱ ዛፉን ትዞረዋለች፤ ከዚያ ትገባለች። እኔም ቢሮ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ብቻ «የተማርሽው እርግጠኛ ነው?» አለችኝ። እርግጠኛ ነው አልኳት። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ያረጀ ዛፍ አንዳንዴ ምግብ ሲያገኝም ይሞታል። ይህን ግን አልነገርኳትም። በስድስተኛው ሳምንት ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር ወጣች። በሰባተኛው ሳምንት ቅርንጫፉ ሁሉ ለበሰ። ሙጫው ደረቀ።

በስልሳኛው ቀን አቶ ልሳነወርቅ የስንብት ደብዳቤ፣ አካፋና ሁለት ጠራጊዎች ይዘው መጡ። በሩን ሲከፍቱ ቆሙ። ቅጠሉን በጣታቸው ይዘው ጎተቱት፤ ወረቀት እንደሆነ ጠርጥረው ነበር። ሌላውን ደግሞ ነከሱት።

«ለምልሟል» አሉ።

«ለምልሟል» አለች እትዬ ውድነሽ።

ግንዱ ላይ የታሰረውን ደብዳቤ ፈትተው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«በድጋሚ በጥብቅ እናሳስባለን» አሉ። «ሁለት ጊዜ! ይህን እስካሁን ማንም አላሰበም። እኛ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምናሳስበው።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። አካፋውን አየሁ። ዘጋሁት።

በማግስቱ ደብዳቤው በአራት ሺህ ቅጂ ታትሞ በከተማው ዛፍ ሁሉ ላይ ታሰረ። በሁለት ወር ውስጥ አንድም ዛፍ አልለመለመም። አቶ ልሳነወርቅ ጉዳዩን አጥንተው የታተመ ነገር ክብደት እንደሌለው ደረሱበት። ስለዚህ አራቱንም ሺህ እኔ በእጄ እንድጽፍ ታዘዝኩ። የማጽናኛ ክፍል ሁለቱ ሴቶች ከዛፎቹ ተነሥተው እኔን እንዲያጽናኑ ተመደቡ፤ ግራና ቀኝ ተቀምጠው «አይዞሽ፣ ያልፋል» ይሉኝ ነበር። ዛፎቹም መጠውለጋቸውን አላቆሙም። በዚያ ወቅት ከመንገዳችን ሌላ አራት ቤት ባዶ ተባለ። የሦስቱን ስንብት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ጻፈው እንዳይባል ነው።

ከዚያ የከተማው ሊቀ መጥረጊያ ወሬውን ሰሙ።

ሊቀ መጥረጊያ ከሁሉ በላይ የሆኑ ባለሥልጣን ናቸው። ግዙፍ ናቸው፣ ደግ ናቸው፣ ሁልጊዜ በብር የተለበጠ መጥረጊያ ይይዛሉ። ለማስጠንቀቂያ የታዘዘ ብቸኛው ዛፍ አርአያ ስለሆነ በክብር ተነቅሎ በአደባባዩ መካከል እንዲተከል ወሰኑ። አደባባዩ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠረግ የከተማው ንጹሕ ቦታ ነው። ውሳኔውን አቶ ልሳነወርቅ ቤት ድረስ መጥተው አበሠሩ።

«ሽልማት ነው እትዬ ውድነሽ፤ እንኳን ደስ ያለዎት!»

«ሽልማቱ ለማን ነው?»

«ለዛፉ ነዋ።»

«እኔስ?»

አቶ ልሳነወርቅ ወረቀታቸውን አገላበጡ። «ግቢዎ ተክል ስለማይኖረው ቤቱ ባዶ ይሆናል። ግን ተነጋግረናል። አዳራሹ ውስጥ በመስኮት በኩል ምንጣፍ ይሰጥዎታል። መስኮቱ ወደ አደባባዩ ነው። ዛፍዎን ያዩታል።»

«ሲደርቅ?»

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። መስኮቱ ይከፈታል ወይ ነው ያልኩት።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እትዬ ውድነሽ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አምስቱን ደረጃ አንድ በአንድ በእጇ ጠረገቻቸው። «ጥሩ አድርገሽ አዳንሽው» አለችኝ። «በጣም ጥሩ አድርገሽ።»

የመዛወሪያው ቀን መንገዱ ሞላ። ሊቀ መጥረጊያ መጡ፣ ስምንት ጠራጊዎች አካፋ ይዘው ተሰለፉ፣ ዛፉን የሚወስድ ያጌጠ ጋሪ በር ላይ ቆመ። እትዬ ውድነሽ ዕቃዋን በአንድ ሻሽ ቋጥራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የእኔ ድርሻ የምስጋና ደብዳቤውን ለዛፉ ማንበብ ነበር። ወረቀቱን ዘረጋሁ። «ለ፦ ኮክ ዛፍ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንበብ አልቻልኩም። ፊደሎቹ የእኔ ነበሩ፤ ያምሩ ነበር።

«ደብዳቤው አይደለም» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ሊቀ መጥረጊያ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሉኝ አቶ ልሳነወርቅ።

«ያዳነው ደብዳቤው አይደለም።»

«አልተሰማም!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ከጉሮሮሽ አውጪው እንጂ!»

ሦስተኛውን ጮኼ ነው የተናገርኩት። «ነውር አብልቼው ነው! ከገደሉ አምጥቼ!» ጩኸቱ ከእኔ መውጣቱን ያወቅሁት የጎረቤት ውሻ ሲመልስልኝ ነው።

ማንም አላመነኝም። አቶ ልሳነወርቅ «ሥራ በዝቶባት ነው፣ አራት ሺህ ደብዳቤ ቀላል አይደለም» እያሉ ለሊቀ መጥረጊያ ያስረዱ ጀመር። ስለዚህ ተንበርክኬ የጆንያውን ጫፍ ይዤ ገለጥኩት። ቀጥ ያሉት መስመሮች ተንደው ፈረሱ። ከሥሩ ገለባው፣ ግማሹ የበሰበሰው ቅጠል፣ ከዚያ ጥቁሩ አፈር ታየ። ሁለት የአፈር ትሎች ከብርሃኑ ሸሹ። ዝናብ የዘነበ የሚመስል ሽታ ወጣ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር፣ ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩ ተመልክቻለሁ።

ሕዝቡ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ስምንቱ ጠራጊዎች አካፋቸውን አስቀመጡ።

«እኛ ይህን አንነካም» አለ አንዱ። «ጋሪውን ያበላሻል። አደባባዩንስ?»

ሊቀ መጥረጊያ ረዳታቸውን ጠርተው የደንቡን መጽሐፍ አስገለበጡ። ሳይጠርግ ስለዋለ ሰው የሚናገር ገጽ አልተገኘም። ነውርን ከወጣበት መልሶ ስላስገባ ሰው ጭራሽ የለም። በመጨረሻ ራሳቸው ቆመው ፈረዱ። ነውር የበላ ዛፍ አደባባይ አይገባም። ግቢው ከዛሬ ጀምሮ ነውረኛ ግቢ ተብሏል። መጥረጊያ የያዘ ሰው ለሰባት ዓመት እግሩን አያስገባበትም። ነውሩ ወደ ሌሎች እንዳይዛመትም ከግቢው ምንም ነገር፣ አንድ ቅጠል እንኳ፣ አይወጣም።

«ቤቱስ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ቀስ ብለው። «ይታሸግ?»

«ተክል አለበት?»

«አለበት ጌታዬ። በጣም አለበት።»

«ታዲያ ባዶ እንዴት ይባላል? ሴትዮዋ እዚያው ከነውርዋ ጋር ትኑር።»

ይህን ጊዜ እትዬ ውድነሽ ቋጠሮዋን ትታ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ሊቀ መጥረጊያ ፊት ቀርባ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ አንድ ልመና አለኝ።»

«ቅጣት አይቀነስም እትዬ።»

«ይቀነስልኝ አላልኩም። ሰባት ዓመት አነሰኝ።»

ሊቀ መጥረጊያ ጎንበስ አሉ። «ምን አሉ?»

«ጥፋቴ ትልቅ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በሰባት ዓመት ጸጸቴ አያልቅም። ሃያ ያድርጉልኝ።»

ከኋላ የሆነች ሴት ሳል መሰል ነገር አሰማች፤ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሊቀ መጥረጊያ ግን ልባቸው ተነካ። በሥልጣን ዘመናቸው ቅጣት ጨምሩልኝ ያለ ሰው እንዳላጋጠማቸው ተናገሩ፤ የብር መጥረጊያቸውን ለረዳታቸው ሰጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሃያ ሆነላት። በሩም ላይ በከሰል ተጻፈ።

እኔ ከቢሮ ተሰናበትኩ። አቶ ልሳነወርቅ ስንብቴን የጻፉልኝ ራሳቸው ናቸው፤ በጥብቅ ያሳሰቡኝም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በእሳቸው ዘንድ ይህ ትልቅ ርኅራኄ ነው። ቅጣቴ የነውር ጋሪ መግፋት ሆነ። ከከተማው ሥራ ሁሉ የመጨረሻው ነው፤ ማንም ገፊውን አያናግረውም፤ ለእኔ ጠባይ ይህ አልከበደኝም።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ደንቡ አለፈ። በየበሩ የተቆለለውን አነሣለሁ፣ እጭናለሁ፣ ሞልቼ እሄዳለሁ። ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ከመንገዳችን ሦስተኛው ቤት ስደርስ፣ ለሰላምታ እንኳ ጎንበስ ብላ የማታውቅ አንዲት ሴት በሯን በግማሽ ከፍታ ቆማ ነበር። ከኋላዋ አንድ ሎሚ አየሁ። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ያነበብኩለት ሎሚ ነው፤ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጋሪው እያየች ተናገረች።

«ከብዶሻል።»

«ደህና ነው እመቤቴ።»

«ከብዶሻል እኮ ነው የምልሽ። አንድ ሴት ልጅ ይህን ሁሉ ገፍታ አቀበት አትወጣም።» ግራና ቀኝ አየች። «ትንሽ እዚህ ጓሮ አራግፊለትና ሂጂ። እኔ አላየሁም።»

«እንደዚህ ትኩሱ ሥሩን ያቃጥለዋል» አልኩ። «ጥግ ላይ ይከመር፣ ይሸፈን፣ አልፎ አልፎ ውኃ ይርከፍከፍበት። ለአሁኑ ከሥር ያለውን ደረቅ ቅጠል ብቻ ልስጥዎት፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት።»

«አንድ ስንዝር» አለች። በእጇ ለካች። በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው።

በአራተኛው ቤትም ጋሪው ከባድ እንደሆነ ተነገረኝ። በስድስተኛውም። በዘጠነኛው ቤት አቶ ዘርጋው፣ የመስመር ተቆጣጣሪው፣ ከአጥሩ ጥግ አንገቱን አውጥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያየኝ ደነገጥኩ። «የእኔ ቤት ከመንገዱ መጨረሻ ነው» አለ። «እዚያ ድረስ አይደርስ እንደሆነ ብዬ ነው።» ጥቂት እንዲተርፍ አደረግሁ።

ገደሉ አፍ ላይ የሚገባውን የሚመዘግብ ሽማግሌ አለ። ያን ቀን ጋሪዬን አቁሜ ስጠብቅ ተነሥቶ ወደ ጋሪው ውስጥ ተመለከተ። የቀረው አንድ የድንች ልጣጭ ብቻ ነበር። እንዳይወድቅ በሁለት እጁ አንሥቶ ከግንቡ በላይ አሻግሮ ጣለውና ተመልሶ ብዕሩን ያዘ።

«ከተማው እንደ ዛሬ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም» አለኝ፤ እንደዚያው ብሎም ጻፈ።